ፊልማችን ጥፋተኛ ስላጣበት ሁኔታ የቀረበ ሪፖርት

ይህ ሪፖርት የመንደራችን የአለቆች ምክር ቤት ጸሐፊ፣ እንዲሁም የፊልም ጉዳዮች ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ በሆንሁት በእኔ በአሶቫሌ እጅ፣ ከባለቤቴ በስተቀር ማንም ሳያስገድደኝ፣ ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ የተጻፈ ነው። መስመሩ አልፎ አልፎ ቢንጋደድ፣ ላብም ጠብ ያለበት ቦታ ቢገኝ፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። የምጽፍበት ቦታ ብርሃን ያንሰዋል፤ አየርም እንደዚያው። ቦታው የት እንደሆነ ተራው ሲደርስ እገልጻለሁ፤ ሪፖርት ቅደም ተከተል አለውና።

ሲጀመር፣ ምክር ቤታችን በሳሞአ ደሴቶች ሁሉ የተመሰገነ ሰላማዊ ምክር ቤት መሆኑ ይታወቅልኝ። በመካከላችን ጠብ የለም። ጠብ ሊነሳ ሲል ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጣችንን እንጠጣለን። ካቫው ካላበረደው ጉዳዩን ለሚቀጥለው ስብሰባ እናስተላልፋለን። እንዲህ ሲተላለፉ አሥራ ሁለት ዓመት የሞላቸው ጉዳዮች አሉን፤ አንዳቸውም ጮኸው አያውቁም።

ከእነዚህ አንዱ የፔኒቲቶ ጉዳይ ነው። ፔኒቲቶ የባለቤቴ የሞኤላንጊ ወንድም ነው፤ የእኔ ደግሞ አብሮ አደጌ። አብረን የሰው ኮኮናት ሰርቀን አብረን ተገርፈናል። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት በነጻነት በዓል የጀልባ ውድድር ላይ፣ የመንደራችንን ረጅም ጀልባ ከበሮ የሚመታው እሱ ነበር። አርባ ስድስት ቀዛፊ ጆሮው ያለው እሱ ከበሮ ላይ ነው። ከኋላ ቆመው መሪውን የያዙት ግን የመንደሩ ታላቅ አለቃ ክቡር ሌይሉዋ ነበሩ። አገር ምድሩ ወደቡ ላይ ቆሞ እያየ ጀልባዋ ከቋጥኝ ጋር ተላትማ ለሁለት ተከፈለች። ሰው አልሞተም። መንደሩ ሦስት ዓመት ሙሉ የደከመባት ጀልባ ግን ማገዶ ሆነች።

ምክር ቤቱ በማግስቱ ተሰብስቦ ጉዳዩን በጥልቀት መረመረ። ምርመራው የካቫው ዋንጫ አንድ ዙር እስኪዞር ድረስ ፈጀ። በውጤቱም ከበሮ መቺው ምቱን እንደሳተ፣ ቀዛፊዎቹ እንደተደናገሩ፣ ጀልባዋም በዚሁ ምክንያት እንደተሰበረች በሙሉ ድምፅ ተረጋገጠ። ውሳኔውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ውድድሩ ላይ ከፔኒቲቶ አጠገብ ተቀምጬ የቀዘፍሁትም እኔ ስለሆንሁ፣ የዓይን ምስክር ሆኜ የፈረምሁትም እኔ ነኝ። ሥራ እንዲህ በአንድ እጅ ሲጠቃለል ጊዜ ይቆጥባል።

ፔኒቲቶ ከምክር ቤቱ ታገደ። በምክር ቤታችን ክብ ቤት እያንዳንዱ አለቃ የሚደገፈው የራሱ ምሰሶ አለው፤ አባቱም አያቱም የተደገፉት። ከምሰሶው የተነሳ ሰው ስሙም ከመንደሩ አፍ ይጠፋል። በሠርግ አይጠራም፣ በለቅሶ አይናገርም፣ ልጁ ስትዳር «የእገሌ ልጅ» የሚላት አይገኝም። የፔኒቲቶ ምሰሶ ባዶውን እንዳይቆም ተብሎ በጊዜያዊነት ለእኔ ተሰጠ። ጊዜያዊነቱ እነሆ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ጥሩ ምሰሶ ነው፤ ከባሕሩ በኩል ነፋስ ያገኛል፣ ጀርባም አይቆረቁርም።

ፔኒቲቶ ከዚያ ወዲህ ለምክር ቤቱ የላከው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «ምሰሶዬን መልሱልኝ።» በየዓመቱ ይልካል። ስድብ እንኳ አይጨምርበትም፤ ይህም ምክር ቤቱን በጣም ያስቀይመዋል።

እንዲህ በሰላም ተቀምጠን ሳለ ነው ኢያኔታ ከባሕር ማዶ፣ ከኦክላንድ ከተማ የመጣችው። አያቷ የኛው መንደር ሰው ናት፤ እሷ ግን ተወልዳ ያደገችው እዚያ ነው። የፊልም ዳይሬክተር ሆና፣ አንድ ካሜራና ሦስት ጸጥ ያሉ ሰዎች አስከትላ ምክር ቤቱ ፊት ቀረበች።

«ድራማ ነው» አለች። «ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጓደኝነት፣ ሰው ለጥቅሙ ሲል እውነትን እየቆራረሰ ስለሚሸጥበት ነገር።»

ክቡር ሌይሉዋ ትከሻቸውን አሰፉ። ካሜራ በአቅራቢያው ሲኖር ትከሻቸው በራሱ ይሰፋል፤ በመንደሩ የሠርግ ፎቶዎች ሁሉ በሙሽራውና በሙሽራይቱ መካከል የቆሙት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ» አሉ፣ «ይህ ችግር በእኛ መንደር ፈጽሞ ስለሌለ በነጻነት ልንተውነው እንችላለን።»

ተጨበጨበ። የፊልም ጉዳዮች ንዑስ ኮሚቴ በዚያው ተቋቋመ። እኔም ሰብሳቢ ሆኜ ተመረጥሁ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዝሁት እኔ ብቻ ነበርሁና ምርጫው ፍትሐዊ ነው።

ኢያኔታ ማረፊያዋ እኛ ቤት ሆነ። ባለቤቴ እንግዳ ስታስተናግድ ከጎደሬው ጋር ወሬም ትጨምራለች። ሦስት ሳምንት አብረው ሲያወሩ ከረሙ። ከዚያ ኢያኔታ ድርሰቱን ይዛ መጥታ ምክር ቤቱ ፊት ማንበብ ጀመረች።

«ሁለት ጓደኞች አሉ። አንዱ በውድድር ጀልባ ላይ ከበሮ ይመታል።»

አንድ አለቃ ሳል ጀመረው።

«ሌላው አጠገቡ ተቀምጦ ይቀዝፋል። ጀልባዋ በካፒቴኑ ጥፋት ትሰበራለች። ጓደኛው እውነቱን ያውቃል፣ ግን ይዋሻል። መጨረሻ ላይ ጥፋተኛው ከምንጣፍ ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቃል።»

ከዚያ በኋላ የሳለው ሰው ብዙ ነው። ቤት ስገባ ባለቤቴ ኮኮናት ትፍቅ ነበር።

«አንቺ ነሽ የነገርሻት?» አልኋት።

«ምኑን?»

«የጀልባዋን ነገር ነዋ!»

«እኔ የነገርኳት ስለ አንድ ፈሪ ሰውዬ ነው። ስሙን አልጠራሁም። አንተ ታዲያ እንዴት አወቅከው?»

ውይይቱ በሰላም ተጠናቀቀ፤ ማለት እኔ ወጣሁ።

ንዑስ ኮሚቴው ድርሰቱን ከሁሉም አቅጣጫ ተመልክቶ መጠነኛ ማስተካከያ አደረገበት። ካፒቴኑ ቁመና ያለው፣ አስተዋይና ጸሎተኛ ተደረገ፤ የጀልባዋ መሰበርም ጥፋቱ ወደ ቋጥኙ ተዛወረ። ነገር ግን ቋጥኙ ባለቤት አለው። ወደቡ አጠገብ ያለው መንደር አለቆች ወሬው ደርሷቸው «ቋጥኛችን በታሪኩ ማንንም ገፍቶ አያውቅም፤ ባለበት ነው የሚኖረው» የሚል ደብዳቤ ጻፉ። ጉርብትናን ላለማሻከር ሲባል ጥፋቱ ወደ ማዕበል ተላለፈ። ማዕበሉ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ስለማይታወቅ ተቃውሞ አይነሳም ብለን ነበር። የመንደሩ ፓስተር ግን እጃቸውን አወጡ።

«ማዕበሉን የላከው ማነው?» አሉ።

አለቆቹ የካቫ ዋንጫቸውን ማየት ጀመሩ።

«እኮ ማነው? ጥፋተኛው እሱ ነው ልትሉ ነው?»

ማዕበሉ በዚያው ተሰረዘ። በመጨረሻም ጀልባዋ በራሷ ተነሳሽነት እንደተሰበረች በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ኢያኔታ የተስተካከለውን ድርሰት ሁለቴ አነበበችው። አንድ ነገር በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ጸሐፊው አልመዘገበውም።

«እንግዲያው ይቅርታ የሚጠይቀው ማነው?» አለች። «ለምኑስ? የይቅርታውን ትዕይንት ላውጣው?»

«ኧረ በፍጹም!» አሉ ሌይሉዋ። «ምንጣፎቻችን ሲታዩ ያምራሉ። ይቅርታው ይኑር፣ ጥፋቱ ይውጣ።»

እዚህ ላይ አንድ ችግር ገጠመን። ኢፎንጋ የምንለው የይቅርታ ሥርዓት በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም። የበደለ ሰው በማለዳ ዘመዶቹን አስከትሎ ከተበደለው ሰው ደጅ ይንበረከካል፣ ራሱን በክብር ምንጣፍ ይሸፍናል። የተበደለው ወጥቶ ምንጣፉን እስኪያነሳለት ድረስ ፀሐይም ይሁን ዝናብ ውልፍት አይልም። ምንጣፉ ከተነሳ ነገሩ ለዘላለም አለቀ። ከምንጣፍ ሥር የገባ ሰው ግን «አጥፍቻለሁ» ብሏል፤ ሲወጣ «ስቀልድ ነው» ማለት የለም። ስለዚህ ማን ይንበርከክ? አንዱ ወገቡን አመመው። አንዱ እህቱን ሊጠይቅ ማዶ ደሴት ሊሻገር ነው። ፊልም ስለሆነ አይቆጠርም ያለ አንድ ደፋርም ተገኝቶ ነበር፤ ፓስተሩ መለሱለት።

«አንተ ሰውዬ፣ ካሜራ ፊት አሜን ብትል እግዚአብሔር ‹ፊልም ነው› ብሎ ጆሮውን ይደፍናል?»

በዚህ ጥልቅ ትንታኔ መሠረት በፊልም የተደረገ ኢፎንጋ እውነተኛ ኢፎንጋ መሆኑ ተወሰነ። ሁሉም እፎይ አለ፤ አሁን ላለመንበርከክ ሕጋዊ ምክንያት ነበረን። የቀረው የሚንበረከክ ሰው ብቻ ነው።

መፍትሔውን ያመጡት ክቡር ሌይሉዋ ናቸው።

«ፔኒቲቶ ምን ሆነና?» አሉ። «እሱ እንደሆነ ጥፋተኛ መሆኑ አስቀድሞ ተወስኗል፤ ምንም አይቀርበትም። እኔ ተበዳዩን ሆኜ እወጣና ይቅር እለዋለሁ። ይቅር ማለት ደግሞ ያምርብኛል።»

እንድጠይቀው እኔ ተላክሁ። ፔኒቲቶ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ መረቡን ይጠግን ነበር።

«እንዴት ዋልክ ፔኒ?»

«ምሰሶዬ እንዴት ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ደህና ነው። ምስጥ ጀማምሮት ነበር፣ ቀለም አስቀባሁት።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

የመጣሁበትን ነገርሁት። እየሰማኝ አንድ ቋጠሮ ፈትቶ መልሶ ቋጠረ።

«ስለዚህ እኔ ሌይሉዋን በድዬ፣ እሳቸው ይቅር ሊሉኝ ነው።»

«በፊልም ነው እንጂ...»

«በፊልምም ቢሆን የእውነት ነው ብላችሁ ወስናችኋል አሉ።»

«ማን ነገረህ?»

«እህቴ ናታ! መቼም አንተ አትነግረኝ።» መረቡን አስቀመጠ። «ምንጣፉ ከተነሳልኝ ነገሩ ያልቃል፤ ካለቀ ምሰሶዬ ይመለሳል። ትክክል ነኝ?»

«በደንቡ መሠረት አዎ።»

«ያላጠፋሁትን አጥፍቻለሁ ብዬ።»

እኔ የመረቡን ቀዳዳዎች መቁጠር ጀመርሁ።

«ልጄ በሚቀጥለው ወር ታገባለች፣ አሶ። ሠርጓ ላይ የአባቷን ስም የሚጠራ ሰው እፈልጋለሁ። እሺ፣ እንበረከካለሁ። ግን ውሳኔው በጽሑፍ ይሁን፣ ማኅተምም ይደረግበት። እንዲህ ብለህ ጻፍ፤ ‹በዚህ ፊልም ከምንጣፉ ሥር የገባ ማንኛውም ሰው በእውነት እንደገባ ይቆጠራል።›»

እዚያው ጉልበቴ ላይ ጻፍሁለት። ስጽፍ አፍሬ ነበር። እፍረቴ ግን በዕለቱ አጀንዳ ስላልተያዘ ዋጥሁት። ምክር ቤቱም ጽሑፉን አንድ ፊደል ሳይቀይር አጸደቀው፤ ሌይሉዋ ማኅተሙን በራሳቸው እጅ መቱበት።

የቀረጻው ቀን መንደሩ አንድም ሰው ሳይቀር በክቡር ሌይሉዋ ደጅ ተሰበሰበ። ፔኒቲቶ ሣሩ ላይ ተንበረከከ። ሞኤላንጊ ከእናቷ የወረሰችውን ምንጣፍ አምጥታ እሱንም ራሷንም ሸፈነች። እኔ የሚስቴ ወንድም ዘመድ ነኝና አብሬ መንበርከክ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ስለነበር በኃላፊነት ስሜት ቆምሁ።

ኢያኔታ «ቀጥሉ!» አለች። ሌይሉዋ ከቤታቸው ወጡ፣ እጃቸውን ዘረጉ፣ ይቅርታን የሚመለከት ረጅም ንግግር አደረጉ። «ቁም!» አለች። እንደገና ወጡ፤ ንግግሩ ረዘመ። ሦስተኛው ላይ ነጻነታችንን፣ ወንጌል ወደ ደሴቶቻችን የገባበትን ዘመንና የራሳቸውን የልጅነት ሕይወት አካተተ። አራተኛው ላይ አንድ ነገር ከነከናቸው።

«ልጄ፣ ይሄ ካሜራ ወዴት ነው የሚያየው?»

«ከምንጣፉ ሥር ያለውን ሰው ፊት ነው።»

«እኔስ?»

«እርስዎ እግርዎ ይገባል።»

«እግሬ?»

«እስከ ጉልበትዎ።»

ክቡር ሌይሉዋ ጉልበታቸውን አዩት።

«ሰውየው ለምን ያህል ጊዜ ነው የሚታየው?»

«አራት ደቂቃ ሙሉ። ስክሪኑን የሚሞላው የእሱ ፊት ብቻ ነው፤ ላቡ፣ እንባው። በየአገሩ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ፎቶም እሱ ነው። ይቅር ባዩ ሰው ብዙም አያስፈልገኝም፤ እግርና እጅ ይበቃኛል።»

ሌይሉዋ ምንጣፉን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ወደ ውስጥ አጮለቁ።

«አንተ ሰው፣ ማልቀስ ትችላለህ?»

«አልችልም ጌታዬ» አለ ፔኒቲቶ። «አሥራ ሁለት ዓመት ሞክሬ እምቢ ብሎኛል።»

«ይኸው! ሰማችሁ አይደል?» ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «የመንደራችን ስም በደረቅ ዓይን ሊወጣ ነው። ተነሳ፣ ተነሳ! እኔ እገባለሁ።»

ጸሐፊ እንደመሆኔ ማሳሰብ ግዴታዬ ነበር። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው አንሾካሾክሁ።

«ክቡር ሌይሉዋ፣ ያ ማኅተም የመቱበት ውሳኔ... ከምንጣፉ ሥር የገባ ማንኛውም ሰው ይላል እኮ።»

«አሶቫሌ፣ ጥበብን በወረቀት አትጠፍንጋት!» አሉኝ፤ ፔኒቲቶና ሞኤላንጊ ሲወጡላቸው ጸጉራቸውን በውሃ አስተካክለው ገቡ።

በደንቡ መሠረት ሚስታቸው፣ ወንድሞቻቸውና ልጆቻቸው ከኋላቸው ተንበረከኩ። ፔኒቲቶ ደግሞ በተበዳዩ ቦታ ወደ ሌይሉዋ ቤት ወጥቶ ተቀመጠ። ቤቱ እንደ ቤቶቻችን ሁሉ ግድግዳ የለውምና ሁላችንም እናየዋለን። አንዲት ሴት ትኩስ ካካዎ በዋንጫ አቀረበችለት። ኢያኔታ «ቀጥሉ!» አለች። ፔኒቲቶ ካካዎውን እፍ አለበት።

አልወጣም። የተበደለ ሰው እስኪበቃው ማስጠበቅ መብቱ ነው። ፀሐይዋ ከፍ አለች። ሌይሉዋ መጀመሪያ ላይ በጥበብ አለቀሱ፤ አንድ ጊዜ በቀኝ ዓይን፣ አንድ ጊዜ በግራ። ሰዓት ሲያልፍ እንባው ደረቀና ላብ ተተካ። ኢያኔታ ካሜራዋን ይዛ ሣሩ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ ከምንጣፉ ጫፍ ሥር እያየቻቸው ነበር።

«የሆነ ነገር ይናገሩ» አለቻቸው ቀስ ብላ።

«ድርሰቱ ላይ ምንም የለም እኮ! ጥፋቱን አወጣነው አይደል?»

«ከልብዎ ይናገሩ። ካሜራ ውሸትን ይለያል፤ ፊትን ያበላሻል።»

ይህ የመጨረሻው ቃል ሌይሉዋን ክፉኛ አስደነገጣቸው። ከዚያ ድምፃቸው ከምንጣፉ ሥር መጣ፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሰምቼው የማላውቀው ቀጭን ድምፅ ነበር።

«ያን ቀን ወደቡ ላይ የቴሌቪዥን ካሜራ ነበረ። ጀልባዋ ራቅ ብላ ካለፈች ፊቴ አይታይም ብዬ... ወደ ካሜራው፣ ወደ ቋጥኙ በኩል ትንሽ አስጠጋኋት። ትንሽ ብቻ። ፔኒቲቶ ቁም የሚለውን ምት ይመታ ነበር። ሰምቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ በቴሌቪዥን ልታይ ብዬ ነው። ጀልባዋን የሰበርኳት እኔ ነኝ።»

ከኋላቸው የተንበረከከችው ሚስታቸው እውነተኛ ለቅሶ ማልቀስ ጀመረች። ይህን ጊዜ ክቡር ሌይሉዋ ምንጣፉን በግንባራቸው ገፋ አድርገው ብቅ አሉ።

«እንዴት ነበር?» አሉ።

ፔኒቲቶ የካካዎውን ዋንጫ አስቀምጦ ወረደ። ምንጣፉን በሁለት እጁ አነሳላቸው።

«ጥሩ ነበር ጌታዬ» አላቸው። «በጣም ጥሩ ነበር።»

በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከምንጣፉ ሥር የገባ በእውነት ገብቷል የሚለው ውሳኔ እንደ ውሳኔነቱ ጸና፤ ማኅተም አለበትና። ክቡር ሌይሉዋም ብዙ አልተከራከሩም፤ የሚለጠፈው ፎቶ በስንት አገር እንደሚለጠፍ ኢያኔታን በመጠየቅ ተጠምደው ነበር። እኔ አስቀድሜ መደገፊያ ትራሴን ይዤ ምሰሶ ወደሌለበት ወደ በሩ በኩል ዞር ብያለሁ። ፔኒቲቶ ገባ፣ በምሰሶው ላይ ጀርባውን አሳረፈ፣ ቀለሙን በእጁ ዳበሰው። ሁሉንም ሰላም አለ። እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ባሕሩ አሻገረ።

እኔም ጉዳዩን በሕግ ዓይን መረመርሁት። ጥፋተኛ ተገኝቷል፣ ይቅርታ ተጠይቋል፣ ምንጣፍ ተነስቷል። ውሳኔው ላይ የእኔ ስም በጸሐፊነት እንጂ በሌላ አልተነሳም። ስለዚህ ነጻ ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ። ኢያኔታ ከስብሰባው ወጥታ በከሰዓቱ ጀልባ ሄዳ ነበር። ምድጃው ቀዝቅዟል። ሞኤላንጊ የእናቷን ምንጣፍ ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

«ምንጣፉን ደግሞ ለምን አወጣሽው? ፊልሙ አለቀ እኮ።»

«አለቀ። ካሜራውም ሄደ። አሁን ተራው ያንተ ነው።»

«ምክር ቤቱ ጉዳዩን ዘግቶታል፣ አንቺ ሴት!»

«ምክር ቤቱማ ያኔም ዘግቶት ነበር፤ ባንተ ፊርማ። ሌይሉዋ የዋሹት ስለራሳቸው ነው። አጠገቡ ተቀምጠህ የቀዘፍከው አንተ ለምን ዋሸህ?»

«ለመንደሩ ሰላም ብዬ ነዋ!»

«አሶ!»

«እሺ... እሳቸው ታላቅ አለቃ ናቸው፣ እኔ ደግሞ...»

«አንተ ደግሞ ምሰሶ አልነበረህም» አለችኝ። ምንጣፉን እጄ ላይ አስቀመጠችና ተኛች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ብርሃን ያነሰው ቦታ የት እንደሆነ የመግለጫው ጊዜ ደርሷል። ይህን ሪፖርት የምጽፈው ከፔኒቲቶ ደጅ ላይ፣ ከአማቴ ምንጣፍ ሥር ተንበርክኬ ነው። ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ባለቤቴ ከበዳይ ዘመዶች ጋር ትንበርከክ ወይስ ከተበዳይ ጋር ትቀመጥ የሚለው በደንቡ ግልጽ ባለመሆኑ በራሷ ወስናለች፤ ቤቱ ውስጥ ከወንድሟ ጋር ቁርስ እየበላች ነው። የተጠበሰ ጎደሬ ሽታ ይደርሰኛል። ጉልበቴ ደንዝዟል። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የገባሁት ባዶ እጄን ከገባሁ ማን እንደምሆን ስላላወቅሁ ነው።

አሁን እግር መጣ። የቀኙ አውራ ጣት ጥፍር የለውም። ከኮኮናት ዛፍ አብረን ስንወድቅ የተነቀለ ነው፤ ሳለቅስ ያባበለኝም ያው ጥፍሩ የተነቀለው እሱ ነበር።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ ከላይ።

«ሪፖርት እየጻፍኩ።»

«ከምንጣፍ ሥር?»

«ጸሐፊ ነኝ እኮ፣ ፔኒ።»

«ስለ ከበሮው ምን ይላል?»

«እሱ ጋ... ገና አልደረስኩም።»

«እሱን ስትጽፍ ጥራኝ» አለና እግሩ ተመለሰ። ቁርሱ ሳይቀዘቅዝበት መሆን አለበት።

ስለዚህ የሚከተለው ይመዝገብ። ከበሮው አልሳተም። አጠገቡ ነበርሁ። ቁም፣ ቁም፣ ቁም ይል ነበር። እጁ እስኪደማ ይመታ ነበር፤ ደሙ መቅዘፊያዬ ላይ ተረጭቷል። ይህን እያወቅሁ ጓደኛዬን፣ የልጆቼን አጎት፣ በአንዲት ፊርማ ቀበርሁት። ያደረግሁት ለሰላም አልነበረም። ምሰሶው አምሮኝ ነው።

«ፔኒ!» ብዬ ተጣራሁ። «ጻፍኩት!»

«ጮክ ብለህ አንብበዋ!» አለኝ ከቤት ውስጥ። «ከኋላ ያሉት አይሰሙም።»

ከኋላ ያሉት? የምንጣፉን ጫፍ በእስክሪብቶዬ ገለጥ አድርጌ አየሁ። መንደሩ በሙሉ፣ የቀሩት አርባ አምስቱም ቀዛፊዎች ከነልጆቻቸው፣ ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። የትም ብፈልግ አንድም ካሜራ የለም። እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ላነብ ነው።